የኤርሊስ ልጅ እና አስራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ

የመጀመሪያው ቡጢ የሽማግሌውን አፍንጫ ሰበረው…

ሁለተኛው ከነወንበሩ ገለበጠው።

አዳራሹ ውስጥ ሰማኒያ የሚሆን ሰው ነበር። ከድንጋጤው የተነሳ ማንም ከመቀመጫው አልተነቃነቀም።

ጌቲን ግን አልበቃውም። የወደቀውን ሰው በኮሌታው ጎትቶ አነሳና ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ካርታ ወሰደው…

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስዋንዚ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የአውቶቡስ መስመሮች ሊቀየሩ ስለታሰበ ነዋሪው ሐሳቡን እንዲሰጥ ተጠርቷል። በረቂቁ መሠረት አስራ ሁለት ቁጥር ከእንግዲህ ዳገቱን አይወጣም። ከገበያው ተነስቶ፣ በባሕሩ ዳር አድርጎ ሆስፒታል ይደርሳል።

ጌቲን የአርባ ስድስት ዓመት ጣሪያ ሠራተኛ ነው። በወጣትነቱ ራግቢ የተጫወተ፣ ትከሻው በር የሚሞላ።

እናቱ ኤርሊስ ደግሞ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዳገቱ ላይ፣ እሱ በተወለደበት የኪራይ ቤት ብቻዋን እንደምትኖር ነው የሚያውቀው።

ወሬውን ስልኩ ላይ ካነበበ ጀምሮ ደሙ ፈልቷል። ወደ ስብሰባው ሲመጣ ፌርማታው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ከነመስታወቱ በመዶሻ አድቅቆታል።

"እዚህ ጋ" አለ የሽማግሌውን ፊት ካርታው ላይ እየደፈቀ። "የእናቴ ቤት እዚህ ጋ ነው። በዚህ ዕድሜዋ ዕቃ ተሸክማ ዳገት ትውጣልህ?"

ካርታው ደም በደም ሆነ።

ለዳገቱ ሌላ ትንሽ አውቶቡስ እንደሚመደብ እዚያው ካርታ ላይ ተጽፎ ነበር… ጌቲን አላነበበውም።

ሽማግሌው ዲልዊን ይባላል። የቢሮ ሰው እንኳን አይደለም። አስራ ሁለት ቁጥርን ለአስራ ዘጠኝ ዓመት የነዳ ሹፌር ነው። መንገዱን አብጠርጥሮ ስለሚያውቅ ለሰዉ እንዲያስረዳ ነበር የጠሩት።

"እናትህ… ማን ይባላሉ?" አለ ደም እየተፋ።

"ኤርሊስ ቦወን። አሁን አወቅካት?"

ዲልዊን ባልተዘጋው ዓይኑ ትክ ብሎ አየው።

"ኤርሊስ? ኤርሊስ እኮ…"

አላስጨረሰውም። በጉልበቱ ፊቱን መታው። መሬት ላይ ሲዘረርም አፉ ብረት በሆነው የሥራ ጫማ ጎኑን ረገጠው… አንዴ… ሁለቴ… ሦስቴ።

የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ፊት ረድፍ ላይ የነበሩት ሰሙት።

ልትገላግል የገባችን ሴት በክርኑ ገፍትሮ ጠረጴዛ ላይ ጣላት።

ከኋላ አንዱ "እሰይ፣ ጨምርለት" አለ። በመስመሩ የተናደደው ሰው ብዙ ነበር። ዲልዊን መንቀሳቀስ ሲያቆም ግን ያም ሰው ስልኩን አውጥቶ ፖሊስ ጠራ።

ካቴና ያጠለቁለት አራት ፖሊሶች ተረባርበው ነው።

ጣቢያ ሲደርስ እጁ አብጦ ጣቶቹ አልታጠፍ ብለውታል። ግን አልጸጸተውም። እንዲያውም ኮርቷል።

"ለእናቴ ንገሩልኝ" አላት ተረኛዋን ሳጅን። "ለማን ብዬ እንዳደረግኩት ታውቃለች።"

የሰጣት የቤት ስልክ ቁጥር አይሠራም። ስለዚህ መኪና ወደ ቤቷ ተላከ…

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳጅኗ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"እናትህን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃቸው መቼ ነው?"

"እሱን ምን አመጣው?"

"በሩን የከፈቱልን ሕፃን የታቀፉ ባልና ሚስት ናቸው። እናትህ ቤቱን ከለቀቁ ዘጠኝ ወራቸው ነው።"

ጌቲን ሳቀ። "ቤት ተሳስታችኋል።"

አልተሳሳቱም።

ከሰዓት በኋላ፣ ፖሊስ አፈላልጎ ሲነግራት፣ ኤርሊስ ራሷ በሁለት ምርኩዝ እየተደገፈች መጣች። ልጇን አየችው… እጁን አየችው… ከዚያ ቁጭ ብላ ነገረችው።

ባለፈው ጥር ወጥ ቤት ውስጥ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሁለት ቀን ሙሉ ወለሉ ላይ ተኛች። ጩኸቷን የሰማ አልነበረም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት አስራ ሁለት ቁጥርን ሳትሳፈር ቀርታ አታውቅም። የዚያን ማክሰኞ ስትቀር ሹፌሩን ቅር አለው። ፈረቃውን እንደጨረሰ ሄዶ አንኳኳ። መልስ ሲያጣ በሩን በትከሻው ገንጥሎ ገባ።

ያ ሹፌር ዲልዊን ነው።

ከሆስፒታል ስትወጣ ደረጃ መውጣት አቃታት። ባሕሩ ዳር፣ ለአዛውንቶች በተሠራ ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል አገኘች። እዚያ ደግሞ አውቶቡስ አይደርስም። በምርኩዟ በየበሩ እየዞረች ሁለት መቶ አስራ አንድ ፊርማ ሰበሰበች…

መስመሩ እንዲቀየር የጠየቀችው እሷ ናት።

ጌቲን "ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

"ሆስፒታል ተኝቼ አስራ አራት ጊዜ ደወልኩልህ። መጨረሻ ላይ ነርሷ 'ይበቃዎታል' ብላ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።"

አስታወሰ። ጣሪያ ላይ ነበር። ስሟን ሲያይ፣ አምፖል ቀይርልኝ ልትል ነው ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተው። ከሥራ ሲወጣም መልሶ አልደወለም። በማግስቱም እንዲሁ…

"እማ… እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብለህ ቢሆን ስልኩን ታነሳው ነበር።"

ምርኩዞቿን አንስታ ቆመች።

"ወዴት ነው?"

"ሆስፒታል። ዲልዊን ከቀዶ ሕክምና ወጥቷል አሉኝ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ሲነቃ አጠገቡ ሰው ይኑር።"

ዲልዊን ተረፈ። ግራ ዓይኑ ግን ጠፋ፣ ከእንግዲህ መሪ አይጨብጥም። ጌቲን አራት ዓመት ተፈረደበት። በየሳምንቱ ከእስር ቤት ለእናቱ ደብዳቤ ይጽፋል…

እስካሁን ለአንዱም አልመለሰችም።

ወዳጆቼ… ለምንወደው ሰው ብለን መደባደብ ጉልበት ካለን አይከብድም። የሚከብደው ደውሎ "እንዴት ዋልሽ" ማለት ነው። የት እንደሚኖር እንኳን ለማናውቀው ሰው ጠበቃ ነን ብለን ሌላውን አንስበር።

እናንተ በኤርሊስ ቦታ ብትሆኑ ለደብዳቤው መልስ ትጽፉለት ነበር? ምን ብላችሁ? ኮሜንት ላይ አንብቤ እመልሳለሁ።