ዳገት አልወጣም ያለችው ፒክአፕ

የቀበሌው ፒክአፕ ሮብ ጠዋት አዲስ ከተማ ወደሚገኘው የደምሴ ጋራዥ ገባች። መሪውን የያዘው ጉልላት ነበር። ከጎኑ ሊቀመንበሩ ጓድ ባህሩ፣ ከኋላ ደግሞ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ተቀምጠዋል።

ደምሴ መኪናዋን ገና ከሩቅ አወቃት። ከሁለት ወር በፊት ልጁን ታቢታን ከቤት የወሰዳት ይህችው ፒክአፕ ናት፤ ያን ቀንም መሪው ላይ ይኸው ጉልላት ነበረ። ታቢታ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ደብተሯ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኘ ተባለ። ጊዜው 1970 ዓ.ም. ነውና ከዚያ በላይ ወንጀል አላስፈለገም፤ ይኸው የቀበሌው እስር ቤት ተቀምጣለች።

«ዳገት አልወጣም ትላለች» አለ ባህሩ እየወረደ። «ሜዳ ላይ ፈረስ ናት። ተጭና ከቡሹሎ ወዲያ ያለው ዳገት ላይ ስትደርስ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ወደ ኋላ ትላለች። ሦስት ጊዜ ከነጭነታችን ተመለስን።»

«ምንድን ነው የምትጭኑባት?»

«የሸማቾች ስኳር።»

ደምሴ የጭነት ቦታዋን ዞር ብሎ አየ። ታጥቦ ጸድቷል፤ አንዲት የስኳር ቅንጣት የለበትም። ጉልላት ምን የማይረባ ሰው ቢሆን መኪና አያያዝ ያውቃል አለ በልቡ።

መሪው ላይ ተቀመጠ። የእጅ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ሳበ፣ አራተኛ ማርሽ አስገባ፣ ነዳጅ እየሰጠ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ለቀቀ። ጤነኛ መኪና ብትሆን ሞተሯ እዚያው ቀጥ ይል ነበር። የዚህች ግን እያጓራ ቀጠለ።

«ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ጋ አይደርስም። ምክንያቱን ለማወቅ የማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው፣ መውረድ አለበት።»

«አውርደው» አለና ባህሩ ሄደ። ጉልላትና ጠባቂው ቀሩ።

ጠባቂው ሲጋራ ሊለኩስ ፊቱን ሲያዞር ጉልላት ጠጋ አለ። «ጋሽ ደምሴ፣ አርጅታለች ይበሉ። የሚገጠም የፍሪሲዮን ሸራ የለም ይበሉ።»

«ለምን ብዬ?»

«ዝም ብለው ይበሉ። ታቢታም ደህና ናት።»

ጠባቂው ተመለሰ፤ ጉልላትም ፈቀቅ አለ። ደምሴ ደሙ ፈላ። የልጁ ስም በዚያ አፍ ሲጠራ! ሰውየው እያስፈራራው እንደሆነ አልተጠራጠረም።

ረፋዱ ላይ ባለቤቱ ብርሃነሽ ከእስር ቤቱ መልስ ብቅ አለች። «ዛሬም ጠዋት ስንቋን አንቀበልም ብለው መለሱኝ» አለች። «እንዳለፉት ሁለት ሮቦች። እዚያው በር ላይ ተቀምጬ ቆይቼ፣ አሁን ተቀበሉኝ።»

«ዘበኛ ሲቀያየር ነው» አላት ደምሴ፣ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ።

ካምቢዮው ወረደ። የፍሪሲዮኑ ሸራ በዘይት ርሷል። ደምሴ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን የሞተሩን መክደኛ ጎማ በጣቱ ዳሰሰ፣ ደረቅ ነው። የካምቢዮውንም ዳሰሰ፣ ደረቅ ነው። ዘይቱን ወደ ብርሃን አውጥቶ አየው። አሮጌ መኪና የምታፈሰው ዘይት ጥቁር ነው፤ ይኸኛው ማር መስሏል። ከቆርቆሮ የወጣ አዲስ ዘይት ነው፣ የሰው እጅ ያፈሰሰው። ከሾፌሩ ወንበር ሥር አፈ ቀጭን የዘይት ማንቆርቆሪያ ተሸጉጧል። ቀና ሲል ጉልላት ዓይን ዓይኑን ያየዋል።

ደምሴ በሙያው ዋሽቶ አያውቅም። መኪና አይዋሽም፣ መካኒክም መዋሸት የለበትም ይል ነበር። ደግሞስ ለማን ብሎ ይዋሻል? ልጁን ጭኖ ለወሰደ ሰው? ሸራውን አጥቦ ሳይጨርስ ወሰነ።

ከሰዓት ባህሩ ሲመጣ ማንቆርቆሪያውን አሳየው። «እርጅና አይደለም ጓድ ሊቀመንበር። አሻጥር ነው። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑ ላይ ዘይት እያፈሰሰባት ነው።»

ጠባቂው የጉልላትን እጅ ወደ ኋላ ጠምዝዞ አሰረ። ጉልላት አልካደም። ደምሴን ግን ትኩር ብሎ አየው፤ የሚያዝንለት ይመስል ነበር። ደምሴ ደስ አለው። ይህን መደበቅ አይቻልም፣ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«እኔ እንግዲህ ታማኝነቴን አሳይቻለሁ» አለ። «የልጄን ነገር…»

«መኪናዋን ሥራ። የልጅህን ነገር ቅዳሜ እናየዋለን።»

ደምሴ ለራሱ መኪና ያስቀመጠውን አዲስ ሸራ አውጥቶ ገጠመላት። ሐሙስ ከሰዓት በአራተኛ ማርሽ ፔዳሉን ሲለቅ ሞተሩ ቀጥ አለ። በዚያም አላበቃም። ከሠራተኛም ከመንገደኛም አሥራ ሁለት ሰው ከኋላ ጭኖ የታቦርን አቀበት ሞከራት። ለሙከራ እንደ ሰው ያለ ጭነት የለም፣ ራሱ ይወጣል ራሱ ይወርዳል ሲል ሰዉ ሳቀ። ፒክአፗ አንዴም ሳታቅማማ ወጣች።

ማታ ብርሃነሽ የታቢታን ሰማያዊ ቀሚስ አጥባ አሰጣች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አላት ደምሴ። ከሁለት ወር ወዲህ ጠግቦ የበላው ያን ቀን ነው።

ዓርብ ጠዋት ስንቁን ይዘው አብረው ሄዱ። አልተቀበሏቸውም። ብርሃነሽ አልደነገጠችም፤ እንደለመደችው ምሳ ዕቃውን ታቅፋ በሩ ሥር ተቀመጠች፣ ደምሴም ከጎኗ። ረፋድ አለፈ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ያ ጋራዥ የነበረው ጠባቂ ወጥቶ ሲያያቸው ጠመንጃውን ከትከሻው ወደ ትከሻው አዛወረ።

«እትዬ ብርሃነሽ፣ ይሂዱ ወደ ቤትዎ፤ ሦስት ጊዜ ከዳገቱ የተመለሱት ልጆች ዛሬ ዳገቱን አልፈዋል፣ ከእንግዲህ ለታቢታ ስንቅ አያምጡ።»