የጉና ውኃ የፈላበት ልክ

በሙቀት መለኪያው ውስጥ ያለው ባዝቃ ሰማንያ ስድስት ተኩል ላይ ቆመ። ይርጋ ተንበርክኮ፣ ዓይኑን ከብርጭቆው ዘንግ ጋር አስተካክሎ እንደ ገና አየ። ውኃው ድስቱ ውስጥ ይንተከተካል፤ ባዝቃው ግን ከዚያች ጭረት ንቅንቅ አላለም።

«ፈላ እኮ! ሌላ ምን ቀረህ?» አለ ባለበቅሎው ዘውዱ፣ በቅሎዎቹን ከነፋሱ ከልሎ እንደ ቆመ። «ጉና ራስ ድረስ እንጨት አሸክመኸኝ ውኃ አፍልተህ ልትደፋ! ሽሮ እንኳ ጣል አታደርግበትም?»

ይርጋ አልሳቀም። የአገሩን ካርታ ከሚነድፈው ፈረንጅ ዘንድ ዓመት ሙሉ የተማረው ይህንኑ ነው። ምጥዋ፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ፣ ውኃ መቶ ላይ ይፈላል፤ ሽቅብ በወጡ ቁጥር ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ደብረ ታቦር ላይ ዘጠና አንድ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቦታው ከፍ ያለ ነው።

ፈረንጁ እግሩ አብጦ ቤት ውሏል። ጉናን ከደጁ ሆኖ በዓይኑ ገምቶ፣ «ሰማንያ ስምንት ግድም ታገኛለህ» ብሎታል። «ከዚያ ከራቅህ ግን ማንበብ አልቻልህም ማለት ነው፤ ወደ በቅሎ ጠባቂነትህ ትመለሳለህ።»

«ስንት አለ?» አለ ዘውዱ።

«ሰማንያ ስድስት ተኩል።»

«እሱ የሚፈልገውስ?»

«ሰማንያ ስምንት።»

«ታዲያ ሰማንያ ስምንት በለዋ! ማን አየህ? እኔ እንደሆን ቁጥር አላውቅ፤ እነዚህም አይመሰክሩብህ» ብሎ የበቅሎዋን አንገት መታ መታ አደረገ።

ይርጋን ያስጨነቀው ሌላ ነው። ብርጭቆው በመንገድ ተንገጫግጮ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ዙሪያውን ቃኘ። ከጅብራው ተክል ሥር፣ ፀሐይ ባልደረሰበት ጉድጓድ፣ የማታው በረዶ ገና ነጭ ነው። ብርጭቆው ደኅና ከሆነ፣ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ባዝቃው ቆላም ይሁን ደጋ መነሻው ጭረት፣ ዜሮው ላይ መቆም አለበት።

ትኩስ ብርጭቆ በረዶ ሲነካው ይሰነጠቃልና በጋቢው ጫፍ ይዞ እስኪበርድ ጠበቀ። በረዶውን በድንጋይ አድቅቆ ቅል ውስጥ ጨመረ፤ ጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሰበት፤ ዘንጉን ሰካ። ባዝቃው ቁልቁል ወረደ፣ ወረደ፣ መነሻው ጭረት ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። የፀጉር ያህል እንኳ አላለፈም፤ አልጎደለም።

ብርጭቆው ደኅና ነው።

«የቀረውን እንጨት ይማግዱት፣ አያ ዘውዱ።»

«ደግሞ?»

«ደግሞ። አሁን የሚያዩት አንቱ ነዎት፤ እኔ ዞሬ እቆማለሁ። ባዝቃው አልነቃነቅም ሲል ጫፉ ላይ ጥፍርዎን ያድርጉልኝ።»

ይርጋ ጀርባውን ሰጠ። ከበታቹ የገብሱ ማሳ፣ ከማሳው በታች ደመናው፣ ከደመናው ማዶ ጣና ገርጥቶ ይታያል። ከኋላው የአስታው እንጨት እየነደደ ተንጣጣ፤ ውኃው መንተክተክ ጀመረ።

«ቆመ! እዚህ ላይ ነው! ኧረ ቶሎ በል፣ እንፋሎቱ ጣቴን ቀቀለው!»

ይርጋ ዞረ። የዘውዱ ጥቁር ጥፍር ሰማንያ ስድስት ተኩል ላይ ተቀምጧል።

ዘውዱ ጣቱን እፍ እፍ እያለ፣ «እና ጉናችን አደገ ማለት ነው?» አለ።

«ጉና እንዳለ ነው። ያጠረው ግምቱ ነው።»

ዘውዱ የተወለደው እዚሁ ጉና ግርጌ ነው። የቆመበትን መሬት አየ፤ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ አደባባይ እንደሚቀርብ ሰው ጋቢውን አስተካክሎ አጣፋ።

«ባያምንህስ?»

«ይውጣና ያፍላ።»

ይርጋ ድስቱን አንሥቶ ውኃውን በረዶው ላይ ገለበጠው። እንፋሎቱ ተትጎልጉሎ ከጉና ራስ በላይ አንድ የሰው ቁመት ያህል ወጣ፤ ፀሐይ እስኪመታው ቆየና ነፋሱ ወሰደው።