ፊላው የጠጣው

«አይስጧት! እማማ ሩቂያ፣ አይስጧት!»

ጽጌሬዳ ከከተማው ግንብ ከኤረር በር ቁልቁል እየሮጠች መጣች። ሩቂያ ከኩሬው ያጨዱትን ለምለም ፊላ ታቅፈው ለላማቸው ሊሰጡ ነበር። ላሚቱም አንገቷን አስግጋለች። ጽጌሬዳ ደረሰችና እቅፉን ከእጃቸው መነጨቀች።

«ምን ነካሽ ልጄ? ሣር እኮ ነው!»

«መርዙ ያለው እሱ ውስጥ ነው።»

ሩቂያ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከኩሬው አጠገብ ባትሪ ይጠግን የነበረው ጋራዥ አምና ለቅቆ ሲሄድ፣ የደፋው መርዘኛ ብረት፣ እርሳስ፣ ኩሬው ውስጥ ቀርቶ ፍየሎቻቸውን ገድሏል። ከዚያ ወዲህ ከኩሬው ውሃ አላጠጡም፤ የአትክልት ቦታቸው ደርቆ ከረመ። ከጎጃም ተመድባ የመጣችው የኬሚስትሪ አስተማሪ ጽጌሬዳ ናት ከሶፊ ወንዝ ዳር ፊላ ነቅላ አምጥታ፣ ጭቃ ውስጥ ገብታ የተከለችው። ጎረቤቱ ሁሉ ስቆባታል።

«ታዲያ ይጸዳል ያልሽኝ ውሸት ነበር?»

«ውሃው እንዲጸዳ ነው እማማ። መርዙ ግን የትም አይሄድም፤ ፊላው ይጠጣዋል። አጭደን ካላወጣነው በስብሶ መልሶ ይተፋዋል።»

ሩቂያ እቅፉን ትክ ብለው አዩት። «መስኪን! ለእኛ ብሎ ጠጣልን በይኛ» አሉ በለሆሳስ።

ላሚቱን ራቅ አድርገው አሰሩ። ሁለቱም የቀረውን ፊላ አጭደው ከእቅፉ ጋር አሮጌ በርሜል ውስጥ ከተቱና ከደኑት።

ከዚያ ጽጌሬዳ ሁለት ብርጭቆ የኩሬ ውሃ ደረደረች፤ አንዱ አምና የቀዳችው፣ ሌላው የዛሬው። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ፈሳሽ ጠብ ስታደርግበት የአምናው ወዲያው ጠቆረ፤ እርሳስ ያለበት ውሃ እንዲህ ይጠቁራል። በዛሬውም ላይ አንጠባጠበችበት። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ውሃው እንደ ጠራ ቀረ።

«አልሐምዱሊላህ! ሰላጣዬን ልዝራ?»

«የለም፣ ገና ነው። አፈሩንም ውሃውንም አዲስ አበባ ልኬ ላስመርምር። እስከዚያ የሚበላ ነገር አይዝሩ።»

ሩቂያ ቅር አላቸው። ቆይተው ግን ፊታቸው ፈካ።

«ሪሃንስ? ለማሽተት ነው እንጂ አልበላውም፣ ወላሂ።»

ጽጌሬዳ ሳቀች። «ሪሃን ይሁን።»

ሩቂያ የቦዩን አፍ በመቆፈሪያ ከፈቱት። ውሃው የተሰነጣጠቀው መሬት ላይ ሲደርስ ለአፍታ ቆም አለ፤ ከዚያ ስንጥቁን እየሞላ፣ አረፋ እየደፈቀ፣ በየመደቡ ገባ። ከደረቀው አፈር የዝናብ ሽታ ተነሣ።