ልብስ ሰፊው የሠራት ጀልባ

ሚስቱ ድሮ ለጎረቤቷ «ሐይቁ ማዶ ያለችው እህቴ ናፍቃኛለች፤ ግን አሠራሩን በማላውቀው ጀልባ አልሳፈርም» ስትል ልብስ ሰፊው ከመጋረጃ ጀርባ ሰምቷል፤ የቀረውን ወሬ ረስቶታል።

ዛሬ በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ጨርቅ ገጣጥሞ የሠራት ጀልባ ሳሎኑን ሞልታ ተነፋች፤ ወዲያው ግን መሟሸሽ ጀመረች። ሚስቱ ጆሮዋን ጨርቁ ላይ ለጥፋ አዳመጠች።

«በስፒል ወግተሃታላ። ቀሚስ መሰለችህ እንዴ፣ አንተ ሰውዬ?»

እውነትም ከመተኮሱ በፊት፣ እንደ ልማዱ፣ ጠርዟን በስፒል ይዞት ነበር። እሷ የሚያፏጨውን ቀዳዳ ሁሉ በጠመኔው ምልክት አደረገችበት፤ እሱ አየሩን አስወጥቶ በእያንዳንዱ ላይ ቁራጭ ጨርቅ በካውያ ለጠፈ። እንደገና ነፍቷት ሲያበቃ የራሱን ትንፋሽ ውጦ ጠበቀ። ሚስቱ ጀልባዋን ዙሪያዋን በጆሮዋ ፈተሸቻት።

«ተመስገን፣ ጸጥ ብላለች» አለች በመጨረሻ። «አሁንማ አሠራሯን አወቅኩት። ነገ እህቴ ጋ ውሰደኝ።»