የእናታችን ግንባር

«ይቺ እናቴ አይደለችም!» እላለሁ፣ ጣቴን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ተክዬ።

«አትንኪው እንጂ!» ይቆጣል የፎቶ ቤቱ ባለቤት ደጅይጥኑ።

መስታወቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ነጭ ናት። ጉንጯ ልስልስ፣ ግንባሯ ባዶ። እናቴ ጥሩአየሁ ግን በልጅነቷ፣ በትውልድ አገሯ ጋዝጊብላ የተነቀሰችው መስቀል ግንባሯ ላይ ነበራት፤ አብሯት ነው የተቀበረው። ነገ የአርባ ተዝካሯ ነው። ዳሱ ውስጥ ይቺን ባቆም ዘመድ ምን ይለኛል?

«እኔ አይደለሁም፣ ሶፍትዌሩ ነው» ይላል ደጅይጥኑ። «የወንድምሽ ካሜራ ፎቶውን በጥሬው ነው የሚያስቀምጠው። እሱን የሚከፍቱ ሁለት ፕሮግራሞች አሉኝ። ይሄኛው ገና ሲከፍተው ራሱ ያነጣል፣ ያለሰልሳል። ሌላኛው ምንም አይነካም፤ ብርሃኑን በእጄ ነው የማስተካክለው። ልብ ያወልቃል።»

«ያውልቅሃ! እሱን ክፈተው።»

አብሮኝ የመጣው ወንድሜ መልሰው ከወንበሩ ይነሳል። እዚሁ ሰቆጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እናታችንንም በመሥሪያ ቤቱ ካሜራ ያነሳት እሱ ነው። «በማታውቂው አትግቢ፣ ማህደር! ባለሙያ የሚመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ደግሞ በዚህ ዘመን ንቅሳት ማን ይፈልጋል?»

«አንተ ደግሞ መቼ ባለሙያ ሆንክ? ሶፍትዌር አላውቅም፤ እናቴን ግን አውቃታለሁ!»

«ደጅይጥኑ፣ አትም ብያለሁ!»

«ያትምና እዚሁ ነው የምቀደው።»

«ኧረ በሥላሴ! ቤቴን የጠብ ሜዳ አደረጋችሁት እኮ» ይላል ደጅይጥኑ። መብራት ሳይሄድበት ሊገላገለን ፈልጎ ሁለተኛውን ይከፍታል።

ፎቶው ጠቁሮ ይመጣል። «ይኸው! አየሽ?» ይላል መልሰው። ደጅይጥኑ እያጉረመረመ ማውሱን ቀስ አድርጎ ይጎትታል። ነጠላዋ ይወጣል። ከዚያ የዓይኗ ሥር ሽብሽብ። ከዚያ መስቀሉ።

«እሰይ! እሷ ናት!»

«በቃ፣ እዚያ ላይ አቁመው» ይላል መልሰው። ድምፁ ተለውጧል።

ደጅይጥኑ አልሰማውም፤ አሁንም ያበራል። ከመስቀሉ ቀኝ ክንድ ተነስቶ ቅንድቧ ድረስ የወረደ ጠባሳ ይመጣል። እኔ እንኳ ረስቼው ነበር። ለጎረቤት ሁሉ «በር መትቶኝ ነው» ስትልለት የኖረችው፣ መልሰው ሰክሮ የገባ ዕለት በዱላ የፈነከታት ነው። ለካ ሲጣላኝ የዋለው ለመስቀሉ አልነበረም።

«ይቺን ጠባሳ ላጥፋት?» ይላል ደጅይጥኑ፣ ምኑንም ሳያውቅ።

መልሰው ያየኛል።

«እንዳትነካት» እላለሁ። «አትም።»

ማተሚያው ይንቋቋል። ወረቀቱ ቀስ እያለ መውጣት ይጀምራል፤ መጀመሪያ ግንባሯ።