ከመርከብ የታየ ደን

መምህር መሳፍንት በደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ ባስተማሩበት ዘመን ሁሉ የዝናብ ደንን በአረንጓዴ ጠመኔ ያልሣሉበት ዓመት የለም። አራቱን የዛፍ እርከኖች፣ ሐረጉን፣ ጦጣውን ሳይቀር ይሥሉታል። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ፣ «መምህር፣ ገብተውበት ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ጡረታ ወጡ፤ ሳቁ ግን ጡረታ አልወጣም።

ልጃቸው ሕሊና በአንድ የአሳሽ ጎብኚዎች መርከብ ላይ ነርስ ናት። መርከቡ የመኪና መንገድ ወደሌለው፣ ከባሕር ብቻ ወደሚደረስበት የዝናብ ደን ፓርክ ይመላለሳል። «አባባ፣ ለቤተሰብ አንድ ቦታ ተፈቅዶልኛል» ብላ የደወለች ዕለት፣ ከተማው እስኪመሽ አልጠበቀም፤ ሁሉም ሰማ።

ወዳጃቸው ዘማርያም፣ የቀድሞው የስፖርት መምህር፣ ትከሻቸውን መታ አደረጋቸው። «በእግርህ ረግጠኸው ና እንግዲህ። እንደ ልማድህ ሥለኸው እንዳትመጣ!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሪቱ ስልኩን ተቀበሉ።

«እባብ አለ?»

«ደን አይደል፣ እማዬ? ይኖራል። ግን አስጎብኚ አብሮ ነው የሚገባው።»

«ነብርስ?»

«አለ ይባላል።»

ወይዘሮ ዘሪቱ ቀጥለው ስለ ፓርኩ ደንብ ጠየቁ። ሕሊና ነገረቻቸው፦ ደኑ ውስጥ ማጨስ አይቻልም፤ ስንቅ ይዞ መውረድ የለም፤ ጫማ ይታጠባል፤ ልብስ በብሩሽ ይራገፋል፤ የውጭ ዘር ደኑን እንዳይበክለው ተብሎ አንዲት ፍሬ የተገኘችበት ሰው የዚያን ቀን ከመርከብ አይወርድም።

«እስቲ ድገሚልኝ። አባትሽ ሰው አገር ሄደው እንዳያፍሩብን።»

ሳምንቱን ሙሉ ወይዘሮ ዘሪቱ ዕረፍት አልነበራቸውም። የባላቸውን ሱሪዎች አጠቡ፣ ተኮሱ፣ ጠርዛቸውን አጥፈው በእጃቸው ሰፉ። ሙሉ ልብሱን ለብቻው ጠቀለሉት። «ይቺን ለመጨረሻው ቀን። ደግሞ የሰው ልብስ እንዳትለብስ፤ ሱሪ የሌለው ሰው አይደለህም።» እንዲህ ዓይነት ሚስት ያላት ቤት የታደለች ናት።

ፓርኩ በደረሱ ዕለት ይዘንብ ነበር። ዛፉ ከተራራው ወርዶ ቅርንጫፉን ባሕሩ ውስጥ ነክሯል። ከመርከቡ ወደ ዳርቻው የሚያደርሱት ትንንሽ የጎማ ጀልባዎች ናቸው። ወደ ጀልባዎቹ በሚያወርደው ደረጃ አፍ ላይ ደግሞ ብሩሽና የአቧራ መምጠጫ የያዘች ቀይ ጸጉር ተቆጣጣሪ ቆማለች። የመምህሩን ሱሪ ከታች ቦረሸችና የረገፈውን በጥቁር ጨርቅ ላይ ተቀበለች።

«ይህ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

መምህሩ አጎነበሱ። ባሕር ማዶ የአገር ልጅ እንዳገኘ ሰው ፊታቸው በራ። «ጤፍ ነው!»

«ዘር ነው?»

«ዘር ነው ወይ ትያለሽ? የዘር አለቃ ነው እንጂ!»

ጀልባው ያለእርሳቸው ሄደ።

በማግስቱ ሌላ ሱሪ ለበሱ። ጤፍ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ሻንጣቸውን ነፋስ ላይ አውጥተው ልብሳቸውን አንድ በአንድ አራገፉ። አሁንም ጤፍ። ሌሎቹ ጎብኚዎች ማታ ማታ ጭቃቸውን እያጠቡ ስላዩት ወፍ ሲያወሩ፣ መምህሩ ንጹሕ ጫማ አድርገው ሾርባ ይጠጣሉ።

«ሴትዮዋ ናት» አሉ ለሕሊና። «የመጀመሪያው ማታ በገለጻዋ ላይ የደኑ እርከን ሦስት ነው አለች። እጄን አውጥቼ አራት ነው አልኳት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ።»

«ታዲያ ጤፍ ከየት ታመጣለች፣ አባባ?»

«ወጥ ቤቱ ስንዴ ለማይስማማቸው የጤፍ ቂጣ ይጋግር የለ?»

«የወጥ ቤቱ እኮ ቀይ ጤፍ ነው።»

«ተንኮለኛ ነጭ ማግኘት ያቅተዋል?»

ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚጠይቅ ችሎት የለም።

«ይልቅ ከሥራ ባልደረባዬ ሱሪ ልዋስልዎ።»

«የሰው ሱሪ ለብሼ ነው ደን የምረግጠው? ለእናትሽ ምን ልላት ነው?»

በመጨረሻው ቀን መምህሩ ክፍላቸውን ቆልፈው ሙሉ ልብሳቸውን ለበሱ። ማንም እንዳይነካቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው መጡ። ሕሊና ዓይኗን ከተቆጣጣሪዋ ጣቶች ላይ አልነቀለችም። ኮቱ ንጹሕ ነው፤ ኪሱም፣ ጫማውም ንጹሕ። ጀልባው ላይ የተቀመጡት አጨበጨቡ። መምህሩ አንድ እግራቸውን ለደረጃው አነሡ።

ተቆጣጣሪዋ የተነሣውን እግር ጠርዝ ቦረሸች። አንዲት ወደቀች። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያማ እንደ ወፍጮ ቤት ተንጠረጠረ።

ጀልባው ሄደ። መምህሩ ከመርከቡ አጥር ተደግፈው ቀሩ። አራቱም እርከኖች ፊት ለፊታቸው ቆመዋል፤ ልክ እንደ ጥቁር ሰሌዳው። ተቆጣጣሪዋ አዝና ሻይ ይዛላቸው መጣች። ጀርባቸውን ሰጧት።

ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ዘማርያም ደጃፋቸው ላይ ጠበቃቸው።

«እህስ፣ ረገጥከው?»

«በተንኮል ተከለከልኩ።»

«ከመርከብ ላይማ ቴሌቪዥኑም ያሳየን የለ እንዴ!»

መምህሩ ስለ ቀይ ጸጉሯ ሴት ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገሩ። ማታም ምሳሌ እየጨመሩ ለሚስታቸው ደገሙት። ወይዘሮ ዘሪቱ በትዕግሥት አዳመጡ።

«ይቅር በላት በቃ» አሉ። «ዋናው በሰላም መግባትህ ነው።»

በማግስቱ ወይዘሮ ዘሪቱ ጓሮ ተቀምጠው የሙሉ ልብሱን ሱሪ ጠርዝ ተረተሩና፣ የተረፈውን ነጭ ጤፍ ለዶሮዎቻቸው በተኑላቸው።