ለብቻዋ የቀረበ ሳህን

እትዬ ሾዴ በትሪው ዙሪያ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አልፈው፣ ሳህኑን ቦንቱ ጭን ላይ ሲያኖሩ ጉታ አየ። ጎመን፣ ሰላጣ፣ ግማሽ እንጀራና አንድ ቁራጭ ጮማ የሌለው ሥጋ። ትሪው ላይ ክትፎው በቅቤ ያብረቀርቃል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሱ ልጅ ብቻ ለብቻዋ!

«ብዪ የኔ እመቤት፣ ይሄ ያንቺ ነው» አሏት።

ቦንቱ ፈገግ ብላ ሳህኑን ወደ ራሷ አስጠጋች። የልጅቷ ደስ መሰኘት ጉታን ይበልጥ አንገበገበው።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ክረምቱ ሲወጣ ሐኪሙ የደሟ ስኳር እየወጣ መሆኑን፣ ጉበቷም ስብ መያዙን ነግሯቸዋል። ከአሁኑ ካልተያዘ ገና በልጅነቷ የስኳር በሽተኛ ትሆናለች ብሏል። ከዚያ ወዲህ ለስላሳ ከቤታቸው ወጣ። ታክሲም ቀረ፤ ጠዋት ጠዋት አባትና ልጅ ከሽሮ ሜዳ እስከ ትምህርት ቤቷ በእግር ይወርዳሉ፣ እሱ ቦርሳዋን ተሸክሞ። ሐሙስ ደሟ እንደገና ይታያል። ዛሬ ወደዚህ ግብዣ ከመምጣታቸው በፊት ቸርች ውስጥ ጆሮው ሥር ገብታ፣ «አባ፣ ስኳሬ እንዲወርድ ጸለይኩ» ብላዋለች።

ይህን ሁሉ ያውቃል። ይህን ቤት ግን ከዚያ በፊት ነው የሚያውቀው። አጎቱ፣ የእትዬ ሾዴ ባል፣ ከገጠር ወደዚህ ሲያመጣው ላስተምረው ብሎ ነበር። ትምህርቱ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቀረ፤ ውሃ ቀጂ፣ ግቢ ጠራጊ፣ ተላላኪ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ እትዬ ሾዴ፣ «ለጉታ በዚያች በቆርቆሮዋ አድርጉለት» ይሉ ነበር፤ ከጓዳው በር ኋላ ቁጢጥ ብሎ ሌላው የተወውን ይበላል። ስለዚህም፣ ሰው ቦንቱን እያየ «ልጅህ እንዴት ተመችቷታል!» ሲለው ደረቱ ይነፋ ነበር። የልጁ ጉንጭ ለዚህ ቤት የሰጠው መልስ ነው።

«እትዬ፣ ሥጋው አለቀ እንዴ?»

«ምን ሲደረግ ያልቃል! ሞልቷል፣ ብላ እንጂ።»

«ታዲያ የኔ ልጅ ምን አጥፍታ ነው?»

ከጎኑ የተቀመጠው እንድርያስ፣ የቸርቹ ዘማሪ፣ አፉን እንደሞላ ሳቀ። «ተዋት ባክህ! ትንሽ ሸንቀጥ ትበል። እንዲህ ሆና ማን ሊሸከማት ነው?»

ሰው ሳቀ። ቦንቱ አንገቷን ደፋች። ሚስቱ ዓለሜ እጅጌውን ሳብ አደረገችው።

«ስለ ስኳሯ እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አለች በሹክሹክታ። «አስበውላት እኮ ነው። የራሳቸውን ሳህን አታይም?»

አየ። ስኳር የእግር ጣታቸውን ያስቆረጣቸው እትዬ ሾዴ ፊት ያለው ሳህን ያው ነው፤ ያው ጎመን፣ ያው ግማሽ እንጀራ። አየ፤ ግን ሰው ሁሉ እያየው ነበር፤ በየት በኩል እንደሚመለስ ጠፋው። እጁን ወደ ትሪው ሰደደ። ክትፎውን ከአይቡ ጋር ጠቀለለ፤ ቅቤው በእጁ አንጓ ላይ ወረደ።

«ነዪ ቦንቱ። ከአባትሽ እጅ ጉረሺ።»

«አባ፣ ሐሙስ እኮ...»

«ሐሙስን ተዪው! ነዪ ብያለሁ።»

«ጉታ፣ ልጄ፣ ተው» አሉ እትዬ ሾዴ። «በኔ የደረሰው ይበቃል። ይቺን ሕፃን...»

«እትዬ፣ እኔ እዚህ ቤት የሰው ትራፊ በልቼ ነው ያደግኩት። እሷ ግን ተለይቶ አይሰጣትም!»

አሮጊቷ ግራ ገብቷቸው አዩት።

«የምን ትራፊ ነው ልጄ?»

ከልባቸው ነው የጠየቁት። አያስታውሱም። እሱ ይህን ሁሉ ዘመን ተሸክሞት የኖረውን እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አላሰቡትም። ቢክዱት ይሻለው ነበር።

«አፍሽን ክፈቺ!»

ቦንቱ ሳህኗን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሣች። መጥታ ፊቱ ተንበረከከች፤ አፏን ከፈተች። አጎረሳት። ጉርሻ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ በአንድ አይቆምም፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስበልጦ ጠቀለለ። እያላመጠች አየችው፤ አላለቀሰችም። ዋጠች። ዓለሜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንድርያስ እንኳ መብላቱን ትቷል።

እጁ አሁንም ትሪው ላይ ነው፤ ማቆም አቃተው። ሦስተኛውን ጠቅልሎ ሊጠራት ቀና አለ። ቦንቱ ሳትጠራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ከፍታ ትጠብቀዋለች።